አትሪቢውሽን ምንድን ነው? «ድርቁን ማን አመጣው?» ለሚለው ጭቅጭቅ

ባለፈው ለቅሶ ቤት ነበርኩ። ድንኳን ውስጥ፣ ካርታ ከሚጫወቱት ሰዎች አጠገብ ተቀምጫለሁ። ወሬው ከየት እንደተነሳ እንጃ፣ ዞሮ ዞሮ ቦረና ደረሰ። ከብቱ ያለቀበት ድርቅ። አንዱ ወጣት «ክላይሜት ቼንጅ ነው» አለ፤ የአየር ንብረት ለውጥ ማለቱ ነው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው፤ ካርታቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ «ድርቅ ዛሬ ነው እንዴ የጀመረው? በክፉ ቀን ጊዜ መኪና ነበር? በሰባ ሰባትስ ስንት ፋብሪካ ነበረን?» አሉት። ሦስተኛው ጣልቃ ገባ። «ዛፉን ቆርጠን ጨርሰን በፈረንጅ እናሳብባለን!»

ጭቅጭቁ አልተፈታም። ካርታው ቀጠለ።

እኔ ግን ቤቴ ስገባም ከጭንቅላቴ አልወጣም። ሦስቱም የያዙት ነገር አለ። የሳቱት ጥያቄው ላይ ነው። «ነው ወይስ አይደለም?» ብለን ስንጨቃጨቅ ሃምሳ ዓመት ቢሞላን አንስማማም። አጥኚዎቹ ጥያቄውን ቀይረውታል፦ «ድርሻው ስንት ነው?» አንድ ድርቅ፣ አንድ ጎርፍ ወይም አንድ ሳምንት የፈጀ ሙቀት ሲመጣ፣ የሰው ልጅ ወደ ሰማይ የለቀቀው ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ በዚያ ላይ ምን ያህል እጁ እንዳለበት መለካት ማለት ነው። አትሪቢውሽን የሚሉት ይኼንን ነው። የረጋ የአማርኛ ስም አላገኘሁለትም። እኔ «የድርሻ ልኬት» እለዋለሁ፤ የተሻለ ያለው ያምጣ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሳቡን በአደባባይ ካነሱት ሰዎች አንዱ ማይልስ አለን የሚባል የኦክስፎርድ ተመራማሪ ነው። ጥር 2003 የቴምዝ ወንዝ ሞልቶ ውሃው ከኩሽናው በር 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀርቶታል። ቀስ እያለ ይጨምራል። ሬዲዮው ተከፍቷል። የእንግሊዝ ሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ተወካይ ደግሞ በሬዲዮ ያስረዳል፤ የዓለም ሙቀት እንዲህ ያለ ጎርፍ ሊያበዛ ይችላል፣ ይህን ጎርፍ ለይቶ ግን ከጋዙ ጋር ማያያዝ አይቻልም እያለ። አለን ተቀምጦ ጻፈ። ጽሑፉ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ወጣ። ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ የማይቻለው በጭራሽ ነው ወይስ ለጊዜው? የሚቻል ከሆነስ የቤቴን ኪሳራ ማን ይከፍለኛል?

በዓመቱ መልስ መጣ። የመጣውም ከዚያው ከሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤቱ ሰው ነው። ፒተር ስቶት ከአለንና ከአንድ ሌላ ባልደረባቸው ጋር ሆኖ በ2003 በበጋቸው ወራት አውሮፓን የጠበሰውን ሙቀት አጠና። የሰው ልጅ እንዲህ ያለው ሙቀት የመከሰት ዕድሉን ቢያንስ በእጥፍ እንዳሳደገው አሳዩ።

እንዴት ነው የሚለካው? ሚኒባስ አስቡ። አሥራ ሁለት ሰው የሚጭን ሚኒባስ አሥራ ስምንት ጠቅጥቆ ኮረኮንች ላይ ሲሄድ ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ «ድንጋዩ ነው» ይላል። ተሳፋሪው «ትርፍ ጭነህ ነው» ይላል። ያቺን አንዲት ጎማ አገላብጣችሁ ብታዩ ፍርድ አታገኙም። ድንጋዩም አለ፣ ትርፉም አለ። ግን በልክ የጫኑ መቶ ሚኒባሶች በዚያው መንገድ ቢሄዱ የሁለቱ ጎማ ፈነዳ እንበል። ትርፍ የጫኑ መቶ ቢሄዱ ደግሞ የአሥሩ ፈነዳ። አሁን የምንለው አገኘን። ትርፉ ዕድሉን አምስት እጥፍ አድርጎታል። ድንጋዩም ከተጠያቂነት አልወጣም።

ችግሩ ያለን ምድር አንድ ብቻ ነው። ሁለተኛ ምድር አምጥተን፣ ከሰል ሳይነድባት፣ ነዳጅ ሳይቃጠልባት አናያትም። ስለዚህ አጥኚዎቹ የድሮውን የዝናብና የሙቀት መዝገብ ይዘው በኮምፒዩተር ሁለት ዓለም ይሠራሉ። አንዱ የዛሬው ነው፣ የሞቀው። ሌላው ጋዙ ያልተጨመረበት ነው። በሁለቱም ውስጥ ያ ድርቅ በስንት ዓመት አንዴ እንደሚመጣ ይቆጥራሉ። ልዩነቱ ነው ድርሻው።

ወደ ቦረና እንመለስ። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በአፍሪካ ቀንድ ዝናብ አምስት ወቅት ተከታትሎ ከዳ። ቦረና «ገና» እና «ሐገያ»፣ ሶማሌው «ጉ» እና «ደይር» የሚሏቸው የበልግና የመጸው ዝናቦች፣ ሁለቱም። በሚያዝያ 2023 ዎርልድ ዌዘር አትሪቢውሽን የተባለው የአጥኚዎች ስብስብ ውጤቱን አወጣ። የአየር ንብረት ለውጥ ይህ ድርቅ የመከሰት ዕድሉን ቢያንስ 100 እጥፍ አሳድጎታል አለ።

100 የሚለው ቁጥር ዜና ሆኖ ዞረ። ለእኔ ግን የሚገርመው ከሥሩ ያለው ነው። የዝናቡን ብቻ ካያችሁ ድርሻው ያን ያህል አይገንንም። የበልጉ ዝናብ የማነስ ዕድል ሁለት እጥፍ ያህል አድጓል። የመጸው ዝናብ እንዲያውም በለውጡ ምክንያት ወደ መጨመር ያዘነብላል፤ በእነዚያ ዓመታት የያዘው ሦስት ዓመት የተከታተለው ላኒና ነው፤ የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ በየጊዜው ሲቀዘቅዝ የሚመጣ የተፈጥሮ መዋዠቅ። ዋናው ሌባ ሙቀቱ ነው። የዘነበችውን ትንሿን ውሃ አፈሩ ከመጠጣቱ በፊት አየሩ ጠጣት። ያው የዝናብ እጥረት 1.2 ዲግሪ በቀዘቀዘ ዓለም ቢመጣ ኖሮ ድርቅ የሚያሰኝ ነገር አይደርስም ነበር ነው የሚሉት።

ስለዚህ ጋሼ ልክ ናቸው። ላኒና ድሮም ነበር። ድንጋዩ እሱ ነው። ልጁም ልክ ነው፤ ትርፉን ነው ያየው።

«ፈረንጆቹ ሁሌ አዎ ነው የሚሉት» የሚል አይጠፋም። በ2021 ደቡብ ማዳጋስካር ተርቦ ነበር። የዓለም ምግብ ፕሮግራም ሳይቀር የአየር ንብረት ለውጥ ያመጣው ረሃብ ብሎ ሲናገር ነበር። እነዚሁ አጥኚዎች ለኩና «የለም፣ እዚህ ዋናው እሱ አይደለም» አሉ። የዝናቡ መጉደል በተፈጥሮ መዋዠቅ ውስጥ የሚገባ ነው፤ ሰውን ያስራበው ድህነቱና የመሠረተ ልማት እጦቱ ነው አሉ። ብዙ ሰው አልተደሰተም። እኔ ግን ያመንኳቸው ያኔ ነው።

ይኼ የሦስተኛውን ሰውዬ ነገር ያመጣል። የዛፉን። ሐረማያ ሐይቅን ያየ ያውቃል፤ ለሐረር ከተማ የሚጠጣ ውሃ ይሰጥ የነበረ ሐይቅ ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ጭራሽ ደርቆ ከብት ይግጥበት ጀመር። ዙሪያውን ጫትና አትክልት የሚያጠጣ የውሃ ሞተር ተደርድሮ ነበር። ከተሞቹ በቧንቧ ይስቡ ነበር። ከተራቆተው ኮረብታ አፈር እየታጠበ ይገባበት ነበር። ሙቀትና ዝናብም እጃቸው ሊኖርበት ይችላል። ግን ሞተሩ እዚያው እየተንደቀደቀ ጥፋቱን ሁሉ ለዓለም ሙቀት መስጠት ቀልድ ነው። «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» የምትለው ዐረፍተ ነገር ለባለሥልጣን በጣም ትመቻለች። የሚጠየቅ ሰው የላትማ!

ልኬቱ የማይችለውም አለ። በግንቦት 2023 በሩዋንዳና በኮንጎ፣ ኪቩ ሐይቅ ዙሪያ ጎርፍ ብዙ ሰው ገደለ። አጥኚዎቹ ሞክረው «መልስ የለንም» አሉ። በቂ የዝናብ መዝገብ አልተገኘም። ነገሩ ሲታይ ትንሽ ነው። አጥር ውስጥ የቆመች ቆርቆሮ መለኪያ፣ ጠዋት ጠዋት ሄዶ ስንት ሚሊ ሜትር እንደገባ አይቶ የሚጽፍ አንድ ሰው። ያ ሰው ለሠላሳ ዓመት ሳያቋርጥ ካልጻፈ ኮምፒዩተሩ ምን ይዞ ያወዳድራል? ብዙ የተጎዳው አገር ጉዳቱን ማስረዳት ያቃተው በዚህ ነው።

ማስረዳቱ ደግሞ ገንዘብ ነው። ሳውል ሉሲያኖ ሊዩያ የሚባል የፔሩ ገበሬ አለ። ቤቱ ዋራዝ ከተማ ነው፣ ከበላዩ በበረዶ ቅልጥ የሞላ ሐይቅ አለ። አንድ ቀን ይደረመስብኛል ብሎ በ2015 አርደብሊውኢ የተባለውን የጀርመን ኤሌክትሪክ ኩባንያ ጀርመን ድረስ ሄዶ ከሰሰ። ሙሉ ካሳ አልጠየቀም። ኩባንያው ከዓለም የኢንዱስትሪ ጋዝ 0.47 በመቶውን ለቋል፤ ስለዚህ ከጎርፍ መከላከያው ወጪ 0.47 በመቶውን ይክፈለኝ አለ። 17 ሺህ ዩሮ ገደማ። ክሱ አሥር ዓመት ፈጀ። በግንቦት 2025 የሐም ከተማ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ጣለው፤ ቤትህ ላይ የተጋረጠው አደጋ ያን ያህል ቅርብ አይደለም በማለት። በዚያው ፍርድ ግን በመርሕ ደረጃ ጋዝ ለቃቂ ኩባንያ በሌላ አገር ላደረሰው ጉዳት በድርሻው ሊጠየቅ ይችላል ብሏል።

በሠልስቱ ይኼንን ለጋሼ ነገርኳቸው። ካርታቸውን ይዘው ዝም ብለው ሰሙኝ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉና፣

«አሥራ ሰባት ሺህ ዩሮ በብር ስንት ነው?» አሉ።

ነገርኳቸው።

«ለአሥር ዓመት ክርክር?» አሉና ካርታቸውን ጣሉ። «በል አንተ፣ ተራህ ነው።»