እንዲህ የሚወረውርን ሰው ለምን አወጣው?

ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ እየበላን ነው። ከአሜሪካ የመጣው የአክስቴ ልጅ የቆየ የቤዝቦል ጨዋታ በስልኩ ከፈተልን፤ በፈረንጆቹ 2020 የአሜሪካ ቤዝቦል ዋንጫ ፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታ። ታምፓ ቤይ የሚባለው ቡድን የሎስ አንጀለሱን ዶጀርስ 1 ለ 0 ይመራል። የታምፓ ቤይ ወርዋሪ ብሌክ ስኔል 9 መቺ በባዶ መልሷል፣ የወረወረውም 73 ኳስ ብቻ ነው። አሰልጣኙ ኬቨን ካሽ ድንገት መጥቶ አወጣው። «አብዷል እንዴ?» አልን ሁላችንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘጠኝ መቺዎች በተራ ይመጣሉ፣ ሲያልቁ እንደገና ከአንደኛው ይጀመራል። መቺ ያንኑ ወርዋሪ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያገኘው ግን አመሉን ለምዶታል፣ የወርዋሪውም ክንድ እየዛለ ነው፣ ስለዚህ ብዙ አሰልጣኞች ሦስተኛው ዙር ላይ ትኩስ ሰው ያስገባሉ። ቀጣዩ መቺ የዶጀርሱ ሙኪ ቤትስ ነበር። ስኔል ሁለቴ በባዶ መልሶታል፣ ግን ሦስተኛው ዙር ነዋ!

አዲሱ ወርዋሪ ገባ፣ ቤትስ መታው፣ መሪነቱ ወዲያው ሄደ። ታምፓዎች 3 ለ 1 ተሸነፉ፣ ዋንጫውም አመለጠ።

ስኔልን መመለስ አይቻልም፤ እንደ እግር ኳሱ የወጣ ወጣ ነው። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ የገባው ወርዋሪ ካልተጎዳ ወይም የሚመታው ቡድን ተራ ካላለቀ ቢያንስ ሦስት መቺ መግጠም አለበት። እኔ ብሆን በዓይኔ የማየውን አምን ነበር። የአክስቴ ልጅ ግን «ስለ ሦስተኛው ዙር ቁጥሩ የሚለው ትክክል ነው» ብሎ ሙጭጭ፤ ዓሣው እስኪቀዘቅዝ ተጨቃጨቅን።