ስለ ቶስካና ገጠር የሚወራውና እውነታው

ለእረፍት ጣሊያን የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ ሮምን፣ ፍሎረንስንና ቬኒስን አይቶ ይመለሳል። ገጠሩን ሳያየው ይቀራል። ይሄ ያስቆጨኛል። በተለይ በመካከለኛው ጣሊያን፣ ቶስካና በሚባለው ክልል፣ ከሲዬና ከተማ በስተደቡብ ያለው ቫል ዶርቻ የሚባለው ሸለቆ ተዘሎ የሚታለፍ አይደለም። ሰው እንዳይሄድ፣ ከሄደም በኋላ እንዳይደሰት የሚያደርጉ የተሳሳቱ ወሬዎች ስላሉ እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ከፍሎረንስ ደርሶ መልስ፣ አንድ ቀን ይበቃል»

አይበቃም። የጉብኝት አውቶቡሶች ረፋድ ላይ መጥተው ሳይመሽ ይሄዳሉ። መንደሮቹ ለነዋሪዎቻቸው የሚመለሱት ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ትንሽ ከተማ ምረጡና ጥቂት ሌሊት እደሩ። እኔ ፒዬንዛን እመርጣለሁ። የካቶሊክ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 2ኛ ተወልደውባት ከ1459 ጀምሮ በአዲስ መልክ ያሠሯት ከተማ ናት። ከዳር እዳር በእግር ለመሄድ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ሱቆቹ የበግ አይብ ይሸታሉ። ከካቴድራሉ ጀርባ ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ ስትቆሙ ሸለቆው በሙሉ ከፊታችሁ ነው፤ ከማዶ 1,738 ሜትር ከፍታ ያለው የአሚያታ ተራራ ይታያል።

«ውበቱ የተፈጥሮ ነው»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። አካባቢው ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ሲዘንብ የሚንሸራተት ሸክላማ አፈር የበዛበት ነው። ሲዬና ራሷን የቻለች የከተማ መንግሥት በነበረችበት ዘመን፣ በ14ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሸለቆውን ወደ ግዛቷ አስገብታ እርሻውን እንደገና አደራጀችው። ጥሩ አስተዳደር በመሬቱ ገጽታ ላይ እንዲታይ፣ ለዓይንም እንዲያምር ተብሎ የታሰበበት ሥራ ነበር። ዩኔስኮም በ2004 ሸለቆውን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የሰው እጅ የቀረፀው መልክዓ ምድር ነው ብሎ ነው።

ገጠሩን ከማየታችሁ በፊት ሲዬና ማዘጋጃ ቤት ግቡ። አምብሮጆ ሎሬንዜቲ በ1338 እና በ1339 መልካም አስተዳደር ለከተማና ለገጠር ምን እንደሚያመጣ ግድግዳው ላይ ስሎታል። ገበሬዎች እህል ይወቃሉ፤ ነጋዴዎች ከብት ጭነው ይሄዳሉ። አንድ ሰው ትከሻው ላይ ነጭ መቀነት የመሰለ ምልክት ያለው ጥቁር አሳማ ወደ ከተማው ይነዳል። ያ የአሳማ ዝርያ ዛሬም እዚያው ይረባል።

እርሻ ስለሆነም ቀለሙ ከወር ወር ይለያያል። ፎቶ ላይ የምታዩት አረንጓዴ ኮረብታ የኤፕሪልና የሜይ ነው። ከጁን መጨረሻ ጀምሮ ስንዴው ቢጫ ይሆናል፤ ከአጨዳ በኋላ የሚጠብቃችሁ ገለባና የታረሰ ግራጫ ጓል ነው። «ኦገስት ምርጡ ጊዜ ነው» የሚሏችሁን አትስሙ። ሙቀቱ ከባድ ነው፤ በ15ኛው ቀን በሚከበረው የፌራጎስቶ በዓል ሰሞን ጣሊያኖቹ ራሳቸው እረፍት ስለሚወጡ ማረፊያ ይወደዳል።

«አግሪቱሪዝሞ የሀብታም ሆቴል ነው»

አግሪቱሪዝሞ ማለት እንግዳ የሚያሳድር የገበሬ ቤት ነው። በጣሊያን ሕግ እርሻው ዋና ሥራ ሆኖ መቀጠል አለበት፤ እንግዳ መቀበሉ ተጨማሪ ነው። የመዋኛ ገንዳ ያለው ውድ ቤት አለ፤ ሁለት ክፍል ብቻ የምታከራይ የገበሬ ቤትም አለች። ከመያዛችሁ በፊት ምን እንደሚያመርቱ ጠይቁ። ወይራ ከሆነ በኦክቶበር መጨረሻ ወይም በኖቬምበር ሂዱ። ከዛፎቹ ሥር መረብ ተነጥፎ ፍሬው ይራገፋል። አዲሱ ዘይት መረር ብሎ ጉሮሮን ያቃጥላል፤ የጥሩ ዘይት ምልክቱም ይሄው ነው።

«ፓሊዮ ለቱሪስት የሚዘጋጅ ትርዒት ነው»

በጭራሽ። የሲዬና የፈረስ ውድድር በጁላይ 2 እና በኦገስት 16 ይካሄዳል። ከ17ቱ የከተማዋ ሰፈሮች አሥሩ ይወዳደራሉ። ያለ ኮርቻ አደባባዩን ሦስት ጊዜ ይዞራሉ፤ ከደቂቃ ተኩል አያልፍም። ጋላቢው ቢወድቅ እንኳ ፈረሱ ብቻውን ቀድሞ ከገባ ሰፈሩ አሸናፊ ነው። ከውድድሩ በፊት ፈረሱ ሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ይገባና ቄሱ ባርከው «ሂድ፣ አሸንፈህ ተመለስ» ይሉታል። የሚያለቅሱትም የሚጨፍሩትም የሰፈሩ ልጆች ናቸው። አደባባዩ መሐል ቆሞ ማየት በነፃ ነው፤ ፀሐዩን ግን ቻሉት።

«ለጿሚ የሚበላ የለም»

የቶስካና የገበሬ ምግብ ለጾም ይመቻል። ሪቦሊታ ከነጭ ቦሎቄ፣ ከጎመንና ከደረቀ ዳቦ የሚሠራ ወፍራም ሾርባ ነው። ፒቺ የሚባለው በእጅ የተድቦለቦለ ወፍራም ፓስታ በነጭ ሽንኩርትና በቲማቲም ስጎ ይቀርባል። አንዳንድ ቤት አይብ፣ ሥጋ ወይም እንቁላል ይጨምራልና «ሴንሳ ካርኔ፣ ሴንሳ ፎርማጆ፣ ሴንሳ ዎቫ» በሉ። ዳቦው ጨው የለውም፤ ልማዳቸው ነው።

«መኪና ካለህ የትም ትገባለህ»

ብዙዎቹ አሮጌ ከተሞች መሐል መግባት የተከለከለ ነው። ዙሪያው ቀይ፣ መሐሉ ነጭ ክብ ምልክትና ከሥሩ ጽሑፍ ካያችሁ አትለፉ። ካሜራ ታርጋችሁን ያነብና ቅጣቱ ከወራት በኋላ ቤታችሁ ድረስ ይመጣል። ከግንቡ ውጭ አቁሙና በእግር ግቡ። የኢትዮጵያ ወይም የአሜሪካ መንጃ ፈቃድ የያዘ ሰው ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ወይም የተረጋገጠ ትርጉም አብሮ መያዝ አለበት። ለማይነዳ ከሲዬና ወደ ፒዬንዛ አውቶቡስ አለ። እሑድና በበዓል ቀን ስለሚሳሳ የጉዞ ቀናችሁን በአዘቦት አድርጉት።