የጠፉ ፓኬቶችን መልሶ መላክ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ዳታ በኔትወርክ የሚጓዘው ፓኬት በሚባሉ ቁርጥራጮች ነው፤ መንገድ ላይ የሚቀር ፓኬትም በማንኛውም ኔትወርክ ላይ አለ። መልሶ መላኩ ራሱ ብዙ ወጪ የለውም። ወጪው የሚበዛው ላኪው የቱ እንደጠፋ ሳያውቅ ሲልክ፣ ወይም ጠፍቶ ሳለ ሳያውቅ ሲጠብቅ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ ይመነጫሉ።

«የጠፋውን ፓኬት ራውተሩ መልሶ ይልከዋል»

አይልክም። ወረፋው የሞላበት ራውተር ፓኬቱን ይጥላል፤ ብዙውን ጊዜ ለማንም አያሳውቅም። መልሶ የሚልከው መጀመሪያ የላከው ኮምፒውተር ነው፤ ቲሲፒ (ዳታ መድረሱን የሚከታተለው የኢንተርኔት ፕሮቶኮል) ማረጋገጫ፣ ማለትም «ደርሶኛል» የሚል መልስ፣ እስኪደርሰው ድረስ የላከውን ዳታ በሚሞሪ ይዞ የሚቆየውም ለዚህ ነው።

ገመድ አልባ መስመሮች ግን ለየት ይላሉ። በዋይፋይ ተቀባዩ ፍሬሙ (ፓኬቱ በሬዲዮ የሚላክበት ጥቅል) በደረሰው በ10 ወይም በ16 ማይክሮ ሰከንድ ውስጥ ማረጋገጫ መላክ ይጀምራል። ማረጋገጫው ካልመጣ የላኪው ሬዲዮ ራሱ ይደግመዋል፣ ብዙ ጊዜ እስከ 7 ሙከራ። በዚህ ምክንያት ሲግናል ሲዳከም ቲሲፒ የሚያየው መጥፋትን ሳይሆን መዘግየትን ነው። ፒንግ (ፓኬት ደርሶ የሚመለስበትን ጊዜ የሚለካው መሣሪያ) አንድም ፓኬት ሳይጠፋበት ሰዓቱ ከ5 ወደ 80 ሚሊ ሰከንድ ሲዘል ካያችሁ፣ አንዱ ተጠርጣሪ ይኸው ነው።

«ማረጋገጫ ካልመጣ ላኪው ጊዜው እስኪያልፍ ዝም ብሎ ይጠብቃል»

ይህ የመጨረሻው አማራጭ ነው። ተቀባዩ 1፣ 2፣ 4፣ 5 እና 6ኛውን አግኝቶ 3ኛው ቢቀርበት፣ 4ኛው፣ 5ኛውና 6ኛው በደረሱ ቁጥር «የምጠብቀው 3ኛውን ነው» እያለ ይመልሳል። ሦስተኛው ተደጋጋሚ መልስ ሲደርሰው ላኪው ሰዓቱን ሳይጠብቅ 3ኛውን ይልካል። በአንዱ መልስ የማይልከው ፓኬቶች ሳይጠፉ ተራቸውን ቀያይረው ሊደርሱ ስለሚችሉ ነው።

ዘዴው የሚከሽፈው የጠፋው የመጨረሻው ፓኬት ሲሆን ነው። ከኋላው የሚመጣ ስለሌለ ተደጋጋሚ መልስ የሚያስነሳ የለም። አጫጭር የድረ ገጽ ምላሾች አልፎ አልፎ ያለ ምክንያት ድርቅ የሚሉት በዚህ ጭምር ነው። በ2021 መስፈርት ሆኖ የወጣው ራክ-ቲኤልፒ የተባለው የቲሲፒ ዘዴ ለዚህ መፍትሔ አለው፦ የደርሶ መልሱን ጊዜ (ፓኬት ከተላከ ማረጋገጫው እስኪመጣ ያለውን) ሁለት እጥፍ ገደማ ጠብቆ የመጨረሻውን ፓኬት እንደ መመርመሪያ ይልካል፤ ፓኬት ጠፋ ወይስ ተራ ቀየረ የሚለውንም በተደጋጋሚ መልሶች ቁጥር ፈንታ በጊዜ ይፈርዳል።

«የመጠበቂያ ጊዜውን ማሳጠር ኔትወርኩን ያፈጥናል»

ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። በጥቅምት 1986 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ በሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪና በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ መካከል የነበረው መስመር፣ ርቀቱ 400 ያርድ ብቻ ሆኖ፣ ፍጥነቱ ከ32 ኪሎ ቢት ወደ 40 ቢት በሰከንድ ወረደ። መስመሩ አልተበጠሰም። ፓኬቶች በየወረፋው ቆመው ሳለ ላኪዎቹ ጠፍተዋል ብለው ይደግሟቸው ነበር፤ ድጋሚው ወረፋውን ያረዝማል፣ የረዘመው ወረፋ ደግሞ ሌላ ድጋሚ ይወልዳል። ቫን ጃኮብሰን በ1988 ያቀረበው መፍትሔ ዛሬም የቲሲፒ መሠረት ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው፦ የመጠበቂያ ጊዜ = የተለካው አማካይ ደርሶ መልስ + የመዋዠቁ 4 እጥፍ። አማካዩ በእያንዳንዱ አዲስ ልኬት በ1/8፣ መዋዠቁ በ1/4 ክብደት ይታደሳል። አማካዩ 150፣ መዋዠቁ 10 ሚሊ ሰከንድ ከሆነ 190 ይመጣል፤ መስፈርቱ ግን ከ1 ሰከንድ እንዳያንስ ይመክራል። ሊኑክስ ይህን ወለል ወደ 200 ሚሊ ሰከንድ ያወርደዋል። መልስ ከጠፋ ጊዜው በየሙከራው በእጥፍ ያድጋል፦ 1፣ 2፣ 4፣ 8 ሰከንድ። በሊኑክስ ነባሪ ቅንብር 15 ድጋሚዎች አልፈው ግንኙነቱ ተስፋ የሚቆረጥበት ቢያንስ ከ15 ደቂቃ በኋላ ነው። ኬብል ተነቅሎም ፕሮግራሙ «ተገናኝቻለሁ» እያለ የሚቆየው ለዚህ ነው። ሰርቨር የምታስተዳድሩ ከሆነ ማሳጠር የሚገባችሁ ይህን ነው፣ የመጀመሪያውን መጠበቂያ አይደለም።

በልኬቱ ላይም አንድ ወጥመድ አለ። ፓኬቱ ሁለት ጊዜ ተልኮ አንድ ማረጋገጫ ቢመጣ፣ የየትኛው ቅጂ መልስ እንደሆነ አይታወቅም። የካርን ደንብ እንዲህ ያለውን ልኬት ጣሉት ይላል። ክዊክ የተባለው አዲሱ ፕሮቶኮል ደግሞ ችግሩን ከሥሩ ነቅሎታል፦ ይዘቱ ቢደገምም አዲስ የፓኬት ቁጥር ስለሚሰጠው የሚያደናግር ነገር አይኖርም።

«አንድ ሲጠፋ ከእሱ በኋላ ያለው ሁሉ ይደገማል»

ጎ-ባክ-ኤን በተባለው የቆየ ዘዴ እውነት ነው። 100 ፓኬት ተልኮ የመጀመሪያው ብቻ ቢቀር 100ውም ይደገማል፣ 99ኙ በከንቱ። ከ1996 ጀምሮ ባለው የሳክ አማራጭ ግን ተቀባዩ የደረሱትን ክፍሎች ለይቶ ይናገራል፣ ላኪውም ክፍተቱን ብቻ ይሞላል። የቲሲፒ አማራጮች ቦታ 40 ባይት ብቻ ስለሆነ፣ የጊዜ ማህተም ሲጨመር በአንድ መልስ 3 ክፍሎች ብቻ ይገባሉ። ሳክ የሚሠራው ሁለቱም ወገኖች ግንኙነቱ ሲከፈት ከተስማሙበት ነው። መሃል ያለ ፋየርዎል አማራጩን ቢያነሳው፣ ወይም የቅደም ተከተል ቁጥሩን ቀይሮ የሳኩን ሳይቀይር ቢተወው፣ ፍጥነቱ ይወድቃል፤ ምክንያቱም በቀላሉ አይታይም።

«1 በመቶ ቢጠፋ 1 በመቶ ፍጥነት ይቀንሳል»

ቲሲፒ መጥፋትን እንደ መጨናነቅ ምልክት ስለሚያየው ከመድገም አልፎ ፍጥነቱንም ይቀንሳል። ሬኖ ለተባለው የቆየ የቲሲፒ ፍጥነት መቆጣጠሪያ ዘዴ የሚሠራው ቀመር፦ ፍጥነት ≈ (የፓኬት መጠን ÷ ደርሶ መልስ) × 1.22 ÷ √የጠፋው ድርሻ። 1460 ባይት፣ 150 ሚሊ ሰከንድ እና 1 በመቶ ስናስገባ 0.95 ሜጋ ቢት ገደማ ይሆናል፣ የመስመሩ አቅም 100 ሜጋ ቢት ቢሆንም። ደርሶ መልሱ 20 ሚሊ ሰከንድ ቢሆን ከ7 ሜጋ ቢት ያልፋል። ከእሱ በኋላ ከመጡት ዘዴዎች ኪዩቢክ ጉዳቱን በተወሰነ መጠን፣ ቢቢአር ደግሞ በብዙ ያለዝቡታል፤ ሩቅ ሰርቨር ላይ ግን ትንሽ መጥፋትን መናቅ አያዋጣም።

«የተበላሸ ቅጂ ዋጋ የለውም»

በሞባይል ኔትወርክ አለው። የኤልቲኢ (4ጂ) ስልክ በስህተት የደረሰውን ሲግናል አይጥለውም፤ ያስቀምጠውና ከድጋሚው ጋር ያዋህደዋል። ጣቢያውም በሁለተኛው ዙር ያንኑ ሳይሆን ሌሎች የማረሚያ ቢቶችን መላክ ይችላል። ሁለቱም ለብቻቸው የማይነበቡ ቅጂዎች አንድ ላይ ሊነበቡ ይችላሉ።

«ለብዙ ተቀባይ ሲሰራጭ የጎደለው ለየአንዳንዱ መላክ አለበት»

8 ፓኬት ለሦስት ስልኮች ተሰራጭቶ አንዱ 3ኛውን፣ ሌላው 5ኛውን፣ ሦስተኛው 7ኛውን ቢያጣ፣ ሦስት ድጋሚ አያስፈልግም። ላኪው ሦስቱን ፓኬቶች ቢት በቢት በኤክስኦር (ሁለት ቢቶች ሲለያዩ 1፣ ሲመሳሰሉ 0 በሚሰጥ ስሌት) አጣምሮ አንድ ፓኬት ይልካል። 3ኛው የጎደለው ስልክ 5ኛውና 7ኛው በእጁ ስላሉ፣ እነሱን በዚያው ኤክስኦር ሲያወጣ 3ኛው ይቀርለታል። ሌሎቹም እንደዚያው።

ቅድመ ሁኔታዎቹ መታለፍ የለባቸውም። ከተጣመሩት ውስጥ ለአንድ ተቀባይ ሁለት የሚጎድሉት ከሆነ ምንም ማውጣት አይችልም፤ ስለዚህ ላኪው ለማን ምን እንደጎደለ መዝግቦ መምረጥ አለበት። አጭሩ ፓኬት በዜሮ ተሞልቶ ከረጅሙ ጋር ይስተካከላል። ሄደሩ (የፓኬቱ ራስጌ መረጃ) የትኞቹ እንደተጣመሩና ትክክለኛ ርዝመታቸውን መያዝ አለበት። ሪፖርት እስኪሰበሰብ መጠበቁም መዘግየት ያመጣል።

ተቀባዮች ሲበዙ ሪፖርቱ ራሱ መስመሩን ያጥለቀልቃል። ያኔ «የቱ ጎደለ?» ማለት ቀርቶ «ብዙ የጎደለበት ስንት ጎደለው?» ይባላል። የጎደለን በስሌት በሚመልሰው በሪድ ሰለሞን ኮድ የተሠሩ 2 የማረሚያ ፓኬቶች ከደረሱት፣ ማንኛቸውም 2 የጎደሉበት ሁሉ ይድናል።

«የቀጥታ ድምፅ አይደገምም»

ጊዜ ካለ ይደገማል። ተቀባዩ 60 ሚሊ ሰከንድ የሚያቆይ ማከማቻ ካለው፣ ደርሶ መልሱ 20 ሲሆን ድጋሚው ይደርሳል፤ 150 ሲሆን ድምፁ ካለፈ በኋላ ይመጣል። ያኔ የሚሻለው የድምፅ መጭመቂያው ኦፐስ እንደሚያደርገው የቀደመውን ቁራጭ ዝቅተኛ ጥራት ያለው ቅጂ በሚቀጥለው ፓኬት ላይ መጫን ነው።

«ዋየርሻርክ ድጋሚ ካሳየ ፓኬት ጠፍቷል»

ዋየርሻርክ የሚያልፉ ፓኬቶችን ቀድቶ የሚያሳይ ፕሮግራም ነው፤ ድጋሚ ካሳየ ድጋሚ ተልኳል ማለት ብቻ ነው። በላኪውም በተቀባዩም በኩል በአንድ ጊዜ ቅጂ ያዙና አንድ የቅደም ተከተል ቁጥር መርጣችሁ አወዳድሩ። በተቀባዩ በኩል ሁለት ጊዜ ከታየ የመጀመሪያው ደርሷል፤ ወይ ማረጋገጫው በመመለሻው መንገድ ጠፍቷል፣ ወይ ላኪው ቸኩሏል። በተቀባዩ በኩል አንዴ፣ በላኪው በኩል ሁለቴ ከታየ መሄጃው መንገድ ላይ ጠፍቷል። ቅጂ በሁለቱም በኩል መያዝ ካልቻላችሁ ከተቀባዩ የሚመጣውን ዲ-ሳክ ፈልጉ፤ አንድ ፓኬት ሁለት ጊዜ ሲደርሰው ተቀባዩ በዚያ ያስታውቃል።