መከራ ሁሉ ቅጣት ነውን?

አንድ አማኝ ሕመም ሲጸናበት፣ ልጅ ሲሞትበት ወይም የደከመበት ሥራ ሲፈርስበት ቀድሞ ወደ አፉ የሚመጣው ጥያቄ «ምን በድዬ ነው?» የሚለው ነው። ጥያቄው በራሱ ክፉ አይደለም። ጉዳቱ የሚጀምረው መልሱን ከመከራው መጠን ለማግኘት ስንሞክር ነው፦ ሕመሙ ከከበደ ኃጢአቱም ከባድ መሆን አለበት፣ ኑሮው ከተመቸለት ደግሞ እግዚአብሔር ደስ ብሎበታል ማለት ነው። ይህ ስሌት በቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ ደጋግሞ ተሞክሯል፤ በተሞከረ ቁጥርም ወድቋል።

የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5ን እና ምዕራፍ 9ን አንድ ላይ አንብቧቸው። በመጀመሪያው ጌታ በመጠመቂያዋ ዳር 38 ዓመት የታመመውን ሰው ፈወሰውና በኋላ በመቅደስ አግኝቶ «ከዚህ የሚብስ እንዳይሆንብህ ወደ ፊት ኃጢአት አትሥራ» አለው። በሁለተኛው ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው «ኃጢአት የሠራው ማን ነው? እርሱ ወይስ ወላጆቹ?» ብለው ሲጠይቁት ሁለቱንም አይደለም አላቸው። ከተማዋ አንዲት ኢየሩሳሌም ናት፣ የተናገረውም አንድ ጌታ ነው፤ በአንዱ ስለ ኃጢአት አስጠነቀቀ፣ በሌላው ኃጢአትን ከምክንያትነት አወጣ። «መከራ ሁሉ የኃጢአት ዋጋ ነው» የሚል ሰው ምዕራፍ 9ን ይጥላል፤ «እግዚአብሔር በዚህ ዓለም ማንንም አይቀጣም» የሚል ደግሞ ምዕራፍ 5ን ይጥላል። በሉቃስ 13 ላይ የሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱት 18 ሰዎች ሲናገርም እንዲሁ ነው። ከሌሎች የኢየሩሳሌም ነዋሪዎች ይልቅ በደለኞች አልነበሩም አለ፤ ነገር ግን ዝም ብሎ አላለፈም፣ ሰሚዎቹን ንስሐ ግቡ አላቸው። የሌላ ሰው አደጋ የሞተውን ለመመዘን አልተሰጠንም፤ የቆምነውን ለማንቃት ይጠቅማል።

ይህን ስተው ብዙ ያጠፉት የኢዮብ ወዳጆች ናቸው፤ ስሕተታቸውም በቀላሉ የሚታይ ስላልሆነ ቆም ብሎ ማየት ይገባል። ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር ውሸታም ሰዎች አልነበሩም። ኤልፋዝ በምዕራፍ 5 ቁጥር 13 ላይ የተናገረውን ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 3፥19 «ተብሎ ተጽፎአልና» ብሎ ይጠቅሰዋል። ንግግራቸው በአብዛኛው ለብቻው ሲነበብ እውነት ነው። የወደቁት እውነቱን ለማይመለከተው ሰው በማዋላቸው ነው። አካሄዱን ተመልከቱ፦ በምዕራፍ 4 ኤልፋዝ «ንጹሕ ሆኖ የጠፋ ማን ነው?» ብሎ በለሰለሰ ቃል ይጀምራል። በምዕራፍ 8 በልዳዶስ ዐሥር ልጆቹን በአንድ ቀን ላጣ አባት፣ ልጆችህ በድለው ይሆናል፣ ስለዚህ ለበደላቸው አሳልፎ ሰጥቷቸዋል ይለዋል። ኢዮብ አልተቀበላቸውም። በምዕራፍ 22 ኤልፋዝ ማስረጃ ስላጣ ኃጢአት መፍጠር ጀመረ፦ ከወንድሞችህ ያለ ምክንያት መያዣ ወስደሃል፣ የተራቆቱትን ገፍፈሃል፣ ለደከመው ውኃ አላጠጣህም፣ መበለቶችን ባዶ እጃቸውን ሰድደሃል አለው። አንዱም አልተፈጸመም። መከራ ሁሉ ቅጣት ነው ብሎ የጀመረ ሰው መጨረሻው ይህ ነው፤ በደል ሲያጣ በደል ይፈጥራል። በምዕራፍ 42 እግዚአብሔር የተቆጣው በእነርሱ ላይ ነበር፤ ሰባት ወይፈንና ሰባት አውራ በግ ይዘው ወደ ኢዮብ እንዲሄዱና እርሱ እንዲጸልይላቸው አዘዘ።

እንግዲህ መከራ ሲመጣ ራስን መመርመር አያስፈልግም ማለት ነውን? አይደለም። የቆሮንቶስ ሰዎች የጌታን እራት ሳይገባቸው በመብላታቸው ብዙዎቹ ደክመውና ታምመው ነበር፣ ያንቀላፉም (የሞቱም) ነበሩ፤ ሐዋርያው ይህን ሲገልጥ ዓላማውንም ይነግራል፦ ከዓለም ጋር እንዳንኮነን በጌታ እንገሠጻለን (1ኛ ቆሮ. 11፥30-32)። ዕብራውያን 12ም የአባት ተግሣጽ ለልጅ እንጂ ለጠላት አይደለም ይላል። ስለዚህ መመርመር ይገባል፤ ግን ልክና መጨረሻ ይኑረው።

አንድ ጊዜ ለይታችሁ፣ ጸጥ ባለ ቦታ ተቀምጣችሁ፣ «አቤቱ መርምረኝ» (መዝ. 139፥23፤ በግዕዙ መዝ. 138) ብላችሁ ጸልዩ። ከዚያም ወደ ልብ የሚመጣው ነገር ስም እንዳለው እዩ። ናታን ዳዊትን ሲገሥጸው «አንተ መጥፎ ሰው ነህ» ብሎ አልተወውም፤ ኦርዮን በሰይፍ መትተሃል፣ ሚስቱን ወስደሃል አለው። የመንፈስ ቅዱስ ወቀሳ እንዲህ ነው፤ ድርጊቱን፣ የተበደለውን ሰው፣ የሚመለሱበትንም መንገድ ያሳያል። ስም የሌለው፣ ቀኑን ሙሉ «አንድ ነገር አጥፍተህ ይሆናል» እያለ የሚያስጨንቅ ድምፅ ግን ወደ ንስሐ አያደርስም፤ ለእርሱ መልስ ፍለጋ ያለፈ ሕይወትን መቆፈር ነፍስን ብቻ ያደክማል።

ስም ያለው በደል ከተገኘ በንስሐ አባት ወይም በሚታመን ሽማግሌ ፊት ተናዘዙት፤ የተወሰደ ካለ መልሱት። የሙሴ ሕግ ዋናውን መልሶ አምስተኛ እጅ መጨመርን ያዝዛል፤ ዘኬዎስ በራሱ ፈቃድ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ገንዘቡን ሳይመልሱ ይቅርታን መለመን በብዙዎች ዘንድ የሚታይ ጉድለት ነው። በደል ካልተገኘ ግን ፍለጋውን አቁሙ። ያዕቆብ በመልእክቱ ለታመመው ሽማግሌዎችን ይጥራ ሲል «ኃጢአትንም ሠርቶ እንደ ሆነ» ይላል፤ ሠርቶአል ብሎ አልጀመረም።

ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ሌላም ቦታ አለ፦ ንስሐ ከገባ በኋላ መከራው ሳይነሣለት ሲቀር «ይቅር አልተባልሁም» ብሎ ይደመድማል። ዳዊት በተናዘዘበት ቅጽበት «እግዚአብሔር ኃጢአትህን አርቆልሃል፤ አትሞትም» ተብሎለታል። ሕፃኑ ግን ሞተ፤ ሰይፍም ከቤቱ አልራቀም፣ በአምኖንና በአቤሴሎም አየው። ይቅርታ ከእግዚአብሔር ጋር ያለንን ነገር ያስተካክላል፤ የዘራነው ያፈራውን ሁልጊዜ አይነቅልም። ባለፈ ስካር የተጎዳ ጉበት ወይም በሐሰት የፈረሰ ትዳር ንስሐው ቢሠምርም ሊቀር ይችላል። ያንኑ ኃጢአት በየሌሊቱ እንደ አዲስ መናዘዝ ትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን የተሰጠውን ቃል አለማመን ነው።

«የአባቶቻችሁ እርግማን ነው» ለሚሏችሁም ጥቂት ቃል ይበቃል። ዘፀአት 20 እስከ ሦስትና አራት ትውልድ ሲል «በሚጠሉኝ» ይላል፤ ሕዝቅኤል 18 ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም ይላል፤ ገላትያ 3፥13ም ክርስቶስ ስለ እኛ እርግማን ሆኖ ከሕግ እርግማን እንደዋጀን ይናገራል። በክርስቶስ ያለ ሰው በአያቱ በደል አይከሰስም። ይህን እርግማን ለመስበር ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ከእርሱ ራቁ።

ሕክምናንም ከዚህ ጋር አታምታቱ። «ቅጣት ከሆነ መድኃኒት ምን ያደርጋል?» የሚል አሳብ ሰው ይገድላል። ለታመመው ንጉሥ ለሕዝቅያስ 15 ዓመት እንደሚጨመርለት እግዚአብሔር ራሱ ተናግሮ ሳለ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉ አዘዘ። ጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ጥቂት ወይን እንዲጠጣ ተመከረ፤ የጉዞ ባልደረባውን ጥሮፊሞስን ጳውሎስ ታምሞ በሚሊጢን ተወው፤ ኃጢአቱን ፈልግ አላለውም። ጳውሎስ ራሱ ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ የተሰጠው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነበር።

ለታማኝነት ወደሚሰጠው ዋጋ ስንመጣ ደግሞ ዘዳግም 28ን ይዞ «ታማኝ ከሆንህ ትበለጽጋለህ» የሚለው ስብከት አለ። ያ ምዕራፍ እስራኤል እንደ ሕዝብ ወደ ምድሪቱ ልትገባ ስትል የተሰጠ የኪዳን ቃል ነው፤ የእያንዳንዱ አማኝ የሂሳብ መዝገብ አይደለም። በረከቱን እስከ ቁጥር 14 አንብቦ ከ15 እስከ 68 ያለውን መዝለልም ቅን አነባበብ አይደለም። ጌታ በማርቆስ 10፥30 መቶ እጥፍን ሲሰጥ ቤትን፣ ወንድሞችን፣ እርሻን ቆጥሮ በዚያው ዓረፍተ ነገር «ከስደት ጋር» ብሏል። በሐዋርያት ሥራ 12 ሄሮድስ የዮሐንስን ወንድም ያዕቆብን በሰይፍ ገደለ፤ ጴጥሮስ ግን ከእስር በመልአክ ወጣ። ያዕቆብ እምነት አንሶት ነው የሚል አንድ ቃል የለም። ዕብራውያን 11ም በእምነት ከሰይፍ ስለት ያመለጡትን በቁጥር 34፣ በእምነት በሰይፍ የሞቱትን በቁጥር 37 በአንድ መዝገብ አስፍሯል።

በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰሜን አፍሪካ ባለችው በካርታጎ ከተማ ወረርሽኝ ሲገባ ክርስቲያኖች እንደ አረማውያኑ እኩል መሞታቸው ብዙዎችን አናውጦ ነበር፤ ጳጳሱ ቆጵርያኖስ ሥጋ የለበስን ሁሉ የሥጋን ድካም እንደምንካፈል ያስተምራቸው ነበር። ከእርሱ በኋላ ሮም በ410 እ.ኤ.አ. በጎቶች ከተዘረፈች ወዲያ የሂጶው ጳጳስ አውግስጢኖስ ጉዳዩን በሚገባ አስቀመጠው፦ ኃጢአት ሁሉ አሁን በግልጥ ቢቀጣ ለመጨረሻው ፍርድ የቀረ ነገር ያለ አይመስልም ነበር፤ አንዱም ባይቀጣ ደግሞ የእግዚአብሔር መግቦት (ዓለምን መጠበቁና ማስተዳደሩ) የሌለ ይመስል ነበር። ስለዚህ ጥቂቱ እዚህ ይታያል፣ ብዙው ይጠብቃል። መዝሙረኛው አሳፍም በመዝሙር 73 (በግዕዙ 72) የክፉዎችን ሰላም አይቶ እግሩ ሊሰናከል ጥቂት ሲቀረው ያተረፈው ወደ መቅደስ ገብቶ ፍጻሜያቸውን ማስተዋሉ ነው። ባለጸጋውና አልዓዛርም በሉቃስ 16 በሞት ማግሥት ቦታ ተለዋወጡ።

በመጨረሻ የታመመ ወይም ያዘነ ለመጠየቅ ለምትሄዱ። የኢዮብ ወዳጆች የሠሩት መልካም ነገር ሕመሙ እጅግ እንደበረታ አይተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ተቀምጠው ዝም ማለታቸው ነው፤ ከዚያ በኋላ አፋቸውን ባይከፍቱ ይሻል ነበር። «እግዚአብሔር ሊያስተምርህ ነው»፣ «እምነትህን ፈትሽ»፣ «ለበጎ ነው» አትበሉ። ምክንያቱን አታውቁም፤ ሰሚውም ከእናንተ አፍ የሚሰማውን የእግዚአብሔር ፍርድ አድርጎ ይወስደዋል። በመላጥያ ደሴት እፉኝት የጳውሎስን እጅ ስትነድፍ የአገሩ ሰዎች መጀመሪያ ነፍሰ ገዳይ ነው አሉ፤ ሳይሞት ሲቀር አምላክ ነው አሉ፤ በሁለቱም ተሳሳቱ።

ከታመመው ወይም ካዘነው ሰው ጋር መዝሙር 88ን (በግዕዙ 87) አንብቡ፤ ከጨለማ የማይወጣ ጸሎት ነው፣ ቢሆንም በመጽሐፉ ውስጥ ተቀምጧል፣ መማረር የተፈቀደ መሆኑን ሳትሰብኩ ያሳየዋል። ጸሎታችሁ አጭር ይሁን፤ ፈውስን በግልጥ ለምኑ፣ የሌለ ተስፋም አትስጡ። ከቤቱ ስትወጡ የሚቀጥለውን የምትመለሱበትን ቀን ንገሩት፤ በሳምንቱም ተመለሱ፣ በወሩም ተመለሱ፤ ብዙ ጠያቂ የሚቀረው ያን ጊዜ ነውና።