የታሰረን ሰው መፈለግ፣ መጠየቅና ደብዳቤ መጻፍ

አንድ ሰው ተይዞ ሲሄድ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚያውቀው ስልኩ መዘጋቱን ነው። ከዚያ ወሬ ይመጣል። አንዱ ጎረቤት «ሲቪል የለበሱ ሰዎች ይዘውት ሄዱ» ይላል። የሱቁ ልጅ ደግሞ መኪና ውስጥ ሲገባ አይቶታል። የት እንደወሰዱት የሚያውቅ ግን አይገኝም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሥራው የቤተሰቡ ነው። መፈለግ አለ፣ ስንቅ ማድረስ አለ፣ ችሎት መገኘት አለ፣ ከዚያም ወራት ወይም ዓመታት የሚወስድ ጥየቃ አለ። ይህ ዳሰሳ በአዲስ አበባና በፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ያለውን አሠራር ይመለከታል። ክልሎች የየራሳቸው ፖሊስና ማረሚያ ቤት ቢኖራቸውም ነገሩ ይቀራረባል።

ሁለት ቦታዎችን መለየት ይጠቅማል። ፖሊስ ጣቢያ ማለት ምርመራ ላይ ያለ ሰው የሚቆይበት ነው። ማረሚያ ቤት የሚወርደው ደግሞ ክስ ተመሥርቶበት ዋስትና የተከለከለ ወይም የተፈረደበት ነው። የመጀመሪያው በፖሊስ ሥር ነው፣ ሁለተኛው በማረሚያ ቤቶች ኮሚሽን ሥር። የመጠየቂያው ሰዓት፣ የሚገባው ዕቃ፣ ፈቃድ የሚሰጠው ሰው ሁሉ ይለያያል።

የት ነው ያለው?

ፍለጋው በእግር ነው። የሚጀመረውም ሰውዬው ከተያዘበት ሰፈር ነው። አዲስ አበባ 11 ክፍለ ከተሞች አሏት። እያንዳንዱ ክፍለ ከተማ ፖሊስ መምሪያ አለው፣ በመምሪያው ሥር ጣቢያዎች አሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የተያዘበት አካባቢ ጣቢያ ይታያል። ቀጥሎ የመኖሪያ ሰፈሩ ጣቢያ፣ ከዚያ መምሪያው። እዚያም ከጠፋ ሰው ሁሉ «ሦስተኛ ሄዳችሁ ጠይቁ» ይላል፤ ሦስተኛ የሚባለው የአዲስ አበባ ፖሊስ ወንጀል ምርመራ ነው። የያዘው ፌዴራል ፖሊስ ከሆነ ደግሞ ሜክሲኮ አደባባይ ወዳለው መሥሪያ ቤቱ መሄድ ነው።

በር ላይ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ «እዚህ የለም» ነው። ይህን ሰምቶ ወዲያው መመለስ አይገባም። ሰውዬው ገና አልተመዘገበ ይሆናል። ስሙ ተሳስቶ ገብቶ ይሆናል። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃም ሌሊት የመጣውን ሁሉ ላያውቅ ይችላል። ተረኛውን አስጠርቶ መዝገብ እንዲታይ መጠየቅ ያስፈልጋል። ስም እስከ አያት ነው የሚሰጠው። ሰፈር ውስጥ የሚጠራበት ስም ከመታወቂያው ስም ጋር ላይገናኝ ይችላልና ሁለቱንም መናገር ጥሩ ነው። የተያዘበት ቀንና ሰዓት፣ የለበሰው ልብስ፣ አብሮት የተያዘ ሰው ካለ የእሱም ስም ይረዳል።

አንድ የቆየ ብልሃት አለ። ምግብ ይዞ ሄዶ «ይህን ለእገሌ አድርሱልኝ» ማለት ነው። «የለም» ያለው ጥበቃ ሰሃኑን ተቀብሎ ከገባና ባዶውን ይዞ ከወጣ ሰውዬው አለ ማለት ነው። ብዙ እናቶች የልጃቸውን መኖር ያረጋገጡት በዚህ መንገድ ነው።

ከተገኘ በኋላ ሦስት ነገር በወረቀት ይያዝ፦ የመርማሪው ስም፣ የምርመራ መዝገቡ ቁጥርና ፍርድ ቤት የሚቀርብበት ቀን። እነዚህን የያዘ ቤተሰብ ከዚያ በኋላ የትም ቢሄድ ሰሚ ያገኛል። ባዶ እጁን የሚሄድ ግን ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ይውላል። ጉዳዩ ጽኑ እስራት የማያስቀጣ ቀላል ነገር ከሆነ ፖሊስ ራሱ በዋስ ሊለቅ ይችላልና፣ መታወቂያውን የያዘ ዋስ አስከትሎ መሄድ ጊዜ ይቆጥባል።

አርባ ስምንት ሰዓት

በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል። ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደው የጉዞ ጊዜ አይቆጠርም። ለምን እንደተያዘም በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ሊነገረው ይገባል። ሰኞ ጠዋት የተያዘ ሰው እንግዲህ ረቡዕ ጠዋት ዳኛ ፊት መሆን ነበረበት።

ችሎቱ ለቤተሰብ ትልቅ ዕድል ነው። ጣቢያ ላይ እንዳያዩት የተከለከሉት ሰው እዚያ በዓይን ይታያል። ከስቶ ከሆነ፣ እያነከሰ ከሆነ፣ ልብሱን ያልቀየረ ከሆነ ይታወቃል። ዳኛውም ቤተሰብ መኖሩን ያያል። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ካለ የጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ እንዳይሰጥ ደንግጓል፣ ግን ቀጠሮው ሊደጋገም ይችላል። ታሳሪው ቤተሰቤ እንዳይጠይቀኝ ተከልክያለሁ ብሎ ማመልከት ያለበት እዚያው ችሎት ላይ ነው። ዳኛ «ቤተሰቡ ይጠይቀው» ብሎ ሲያዝ ትእዛዙን ቀን ጠቅሶ በር ላይ ማንሳት ይቻላል።

ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ቀኑ ካለፈ የአካል ነጻ ማውጣት አቤቱታ አለ። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 177 ጀምሮ ያስቀመጠው ነው። ታሳሪው ራሱ ማቅረብ ካልቻለ ሌላ ሰው በቃለ መሐላ ሊያቀርብለት ይችላል። አቤቱታው ላይ ማን እንደያዘው፣ የት እንደተያዘና ይህን የሚያስረዱ ምስክሮች ይጻፋሉ። ያ የመጀመሪያ ቀን ፍለጋ ዋጋው የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ቦታውን ያላወቀ ሰው ፍርድ ቤቱን ማንን ጥራልኝ ይላል?

ስንቅ

ጣቢያ ውስጥ ታሳሪን የሚመግበው በአብዛኛው ቤተሰብ ነው። ማለዳ ቁርስ ይዘው፣ ቀትር ላይ ምሳ ይዘው የሚመላለሱት እናቶች፣ ሚስቶችና እህቶች ናቸው። ሥራ የሚያስፈቅዱ አሉ፣ ሥራ የሚለቁም አሉ። በማረሚያ ቤት ከመንግሥት የሚቀርብ ምግብ አለ፣ ሆኖም ከቤት የሚመጣው ስንቅ እዚያም አይቀርም።

በሩ ላይ የሚሆነው ነገር በየቦታው ይመሳሰላል። ስምና የቤተሰብ ግንኙነት ይመዘገባል። መታወቂያ ይያዛል፣ ስልክ ይቀመጣል። ከዚያ ምግቡ ይፈተሻል። የተጠቀለለው እንጀራ ይተረተራል። ወጡ በማንኪያ ይማሰላል። ዳቦው ይቆረሳል። ከዚያ ጥበቃው «ቅመሺው» ይላል። ያመጣችው ሴት ከእያንዳንዱ ሰሃን አንድ አንድ ጉርሻ እዚያው ቆማ ትቀምሳለች። መጠጥ ካለም በክዳኑ ቀድታ ትጠጣለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ሰው ይህ ይከብደዋል። በማግስቱ ግን ቅመሽ ሳይባል መክፈት ይጀምራል።

ስለዚህ ለፍተሻ የሚመች ምግብ መያዝ ይሻላል። ፍርፍር፣ በሶ፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሙዝ አያስቸግሩም። መረቅ የበዛበት ወጥ ይፈሳል። የሸክላና የመስታወት ዕቃ አይገባም፣ የፕላስቲክ ሰሃን በፌስታል አድርጎ ስም መለጠፍ ነው። ልብስ ሲላክ ቀበቶና ማሰሪያ ያለው ነገር ይመለሳል። ብርድ ልብስ፣ ነጠላ ጫማ፣ ሳሙና፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሶፍት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከምግብ እኩል ያስፈልጋሉ። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሆነ የሐኪም ማዘዣውን ይዞ ከተረኛው ጋር መነጋገር ይገባል። ገንዘብ በእጅ መስጠት ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል፣ ደንቡ ከቦታ ቦታ ይለያያልና።

በዚህ መሃል ሊረሳ የማይገባው ሰው ጠያቂ የሌለው ነው። ከገጠር መጥቶ የቀን ሥራ ሲሠራ የተያዘ ልጅ ወሬውን የሚያደርስለት እንኳን ላይኖር ይችላል። ክፍል ውስጥ ያሉት ስንቃቸውን ያካፍሉታል። ይህን የሚያውቁ ቤተሰቦች እንጀራውን ጨመር አድርገው ይልካሉ። ከዚያ ልጅ የወላጆቹን ስልክ ተቀብሎ አንድ ጊዜ መደወል ደግሞ ከምግቡም ይበልጣል።

ስንቅ በዚህ አገር ከባድ ታሪክ አለው። በቀይ ሽብር ዘመን ቤተሰብ የልጁን መገደል የሚያውቀው አንዳንዴ ስንቁ ሲመለስ ነበር። «ከእንግዲህ አታምጪ» ይባላል፣ በቃ። ሬሳም የለ፣ መቃብርም የለ። ያኔ ብዙ ሰው ያለቀበት የአዲስ አበባው እስር ቤት ዓለም በቃኝ ፈርሶ በጥር 2004 በቦታው የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ተመርቋል። ለቤተሰብና ለጠበቃ በሩን በመዝጋት የሚታወቀው የፌዴራል ፖሊስ የምርመራ እስር ቤት ማዕከላዊም በ2010 ተዘግቷል። ዛሬም የእርጅና ዕድሜ ላይ ያሉ እናቶች ስንቅ የተመለሰበትን ቀን ይነግሩሃል።

ማን መጠየቅ ይችላል?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ዝርዝሩን አስቀምጦታል፦ የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አማካሪ፣ ሐኪምና ጠበቃ። ጓደኛ መካተቱን ብዙ ሰው አያውቅም። በር ላይ «ዘመድ ብቻ» ሲባል አንቀጹን በትሕትና መጥቀስ አይከፋም። ጠበቃ መቅጠር ያልቻለ ሰው የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ እንዲመደብለት ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል።

የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ሲባል ቃሊቲ፣ ቂሊንጦ፣ ዝዋይና ሸዋሮቢት በብዛት ይነሳሉ። ቂሊንጦ ጉዳያቸው በፍርድ ቤት እየታየ ያሉ ሰዎች መቆያ ሆኖ ኖሯል። ቃሊቲ ሲሄዱ የታሳሪውን ዞን፣ ማለትም ያለበትን የግቢ ክፍል፣ ማወቅ ያስፈልጋል፣ ጥየቃው በዞን ነውና። ቅዳሜና እሑድ፣ ይልቁንም በፋሲካ፣ በኢድና በእንቁጣጣሽ ሰሞን ሰልፉ ረጅም ነው። የሚያገናኘው ቦታ በአጥር ወይም በርብራብ የተከፈለ ነው። ሁሉም በአንዴ ስለሚያወራ ድምፅ ከፍ ማድረግ ግድ ነው። ጠባቂም በቅርብ ይቆማል።

ስለዚህ የሚነገረው ነገር ቀድሞ ቢታሰብበት ይሻላል። የልጆቹ ትምህርት፣ የቤት ኪራዩ፣ የእናቱ ጤና፣ የጠበቃው መልእክት። የክሱን ዝርዝር እዚያ ጩኸት መሃል ማውራት ጉዳት አለው፣ እሱን ለጠበቃው መተው ነው። ማልቀስ ቢመጣም ከበሩ ውጭ ቢሆን ይመረጣል። ውስጥ ያለው ሰው ያንን ፊት ይዞ ሳምንቱን ሙሉ ይከርማልና።

ትልቁ ራስ ምታት ዝውውር ነው። አንድ ቀን ስንቅ ይዘህ ስትሄድ «ዝዋይ ወርዷል» ትባላለህ። ዝዋይ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በየሳምንቱ ይጠይቁ የነበሩ አሮጊት እናት በዚያ ቀን የወር ጠያቂ ይሆናሉ። ማንዴላ ደንቦች የሚባሉት፣ የተባበሩት መንግሥታት በ2015 እ.ኤ.አ. ያሻሻላቸው የእስረኞች አያያዝ ደንቦች፣ እስረኛ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ወዲያው ለቤተሰቡ የማሳወቅ መብት አለው ይላሉ። በተቻለ መጠንም ለቤቱ ቅርብ ይታሰር ይላሉ። ለእኔ ከሁሉም ደንብ በፊት ሥራ ላይ መዋል ያለበት ይህ ነው። አንድ የስልክ ጥሪ የሚጠይቅ ነገር ነው።

በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት ደግሞ ፍለጋው ይከብዳል። መደበኛ ጣቢያ ያልሆኑ ቦታዎች ለማቆያነት ይውላሉ፣ የ48 ሰዓቱም ሥርዓት ይቋረጣል። በሐምሌ 2015 መጨረሻ ከታወጀው አዋጅ በኋላ አፋር ክልል አዋሽ አርባ የተወሰዱ ሰዎች ነበሩ። ከአዲስ አበባ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ማመልከት ጠቃሚ ነው። ኮሚሽኑ እስር ቤቶችን ገብቶ የመጎብኘት ሥልጣን አለው፣ አዋሽ አርባም ሄዶ ታሳሪዎቹን አይቷል።

የታሰረው የውጭ ፓስፖርት ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ኤምባሲው እንዲያውቅ ማድረግ ይገባል። የ1963 እ.ኤ.አ. የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36 ቆንስላ ዜጋውን እንዲጎበኝና እንዲጻጻፍ ይፈቅዳል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለታሰሩ ልጆቻችንም የሚያገለግለው ይኸው አንቀጽ ነው። እዚያ ያለ ወንድም ወይም እህት ሲጠፋ ቤተሰብ የፓስፖርቱን ኮፒ ይዞ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን መጠየቅ ይችላል።

ደብዳቤ

ጥየቃ በበዛበት አገር ደብዳቤ ይረሳል። ለሩቅ ሰው ግን ሌላ መንገድ የለም። የ1954ቱ ሕግ አንቀጽ 61 የተያዘ ሰው ጠበቃውን ወዲያው ጠርቶ እንዲያነጋግር፣ ከጠየቀም መጻፊያ እንዲሰጠው ይላል። ማንዴላ ደንቦችም ከቤተሰብና ከጓደኛ ጋር በጽሑፍ መገናኘትን መብት ያደርጉታል፣ ቁጥጥር እንዳለ ሆኖ።

ቁጥጥሩን አስቦ መጻፍ ነው እንግዲህ። ደብዳቤው ተከፍቶ ይነበባል ብሎ መነሳት። ስለ ክሱ፣ ስለ ምስክር፣ ስለ ፖለቲካ ምንም አይግባ። ንጹህ የእጅ ጽሑፍ፣ ወረቀቱ በአንድ በኩል ብቻ የተጻፈበት፣ ፖስታው ያልታሸገ ቢሆን ቶሎ ያልፋል። ስንቅ ውስጥ ደብቆ ወረቀት መላክ ግን ፈጽሞ አይሞከር። ከተያዘ ጥየቃው ይከለከላል፣ የሚጎዳውም ውስጥ ያለው ነው።

በግጭት ምክንያት ግንኙነት ለተቋረጠባቸው የቀይ መስቀል መልእክት አለ። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴና የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከታሳሪ ወደ ቤተሰብ፣ ከቤተሰብ ወደ ታሳሪ የሚያደርሱት ክፍት ደብዳቤ ነው። የሚጻፍበት የቤተሰብ ወሬ ብቻ ነው፦ ማን ተወለደ፣ ማን አገባ፣ ማን ታመመ።

ደብዳቤው ላይ ቀን ይጻፍበት፣ ተራ ቁጥርም ይሰጠው። «ቁጥር 4 ደርሶኛል፣ 3 ግን አልመጣም» ብሎ ሲመልስ የትኛው እንደጠፋ ይታወቃል። የላካችሁትን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አስቀሩ። የጠፋውን ደግማችሁ መላክ ትችላላችሁ።