ኤዲፐስ ሞኝ አልነበረም

ኤዲፐስ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን «አባቱን ገድሎ እናቱን ያገባው ሰውዬ» ነው። ሶፎክልስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው «ንጉሥ ኤዲፐስ» ግን ከዚህ ይልቅ ያተኮረው ባለማወቅና በማወቅ ላይ ነው። ስለ ተውኔቱ ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ልያዛቸው።

«ተውኔቱ ግድያውንና ጋብቻውን ያሳያል።»

አያሳይም። ሲጀምር ሁለቱም ካለፉ ዓመታት ተቆጥረዋል፣ አራት ልጆችም ተወልደዋል። መድረክ ላይ የምናየው የአንድ ቀን ምርመራ ነው። ኤዲፐስ የነገሠባት የቴብስ ከተማ በቸነፈር እያለቀች ነው። የቀድሞው ንጉሥ የላዮስ ገዳይ ካልተገኘ መቅሠፍቱ አይነሳም የሚል ቃል የአምላክ ትንቢት ከሚጠየቅበት ከደልፊ ቤተ መቅደስ ይመጣል። ኤዲፐስ ገዳዩን ረግሞ ፍለጋ ይጀምራል። መርማሪውም ተፈላጊውም ራሱ ነው።

«ተመልካቹ መጨረሻ ላይ ይደነግጣል።»

ተውኔቱ የተጻፈለት የአቴና ሰው ታሪኩን አስቀድሞ ያውቀዋል። ጣዕሙም እዚያ ላይ ነው። ኤዲፐስ ለላዮስ እንደ ገዛ አባቴ እሟገትለታለሁ ሲል ለእሱ የአነጋገር ወግ ነው። ላዮስ በእርግጥም ወላጅ አባቱ መሆኑን የሚያውቀውን ተመልካች ግን ይዘገንነዋል።

«ያላወቀው ሞኝ ስለሆነ ነው።»

ሌላው ሁሉ «ምን አውቅልህ» ብሎ የቀረበትን ቴብስን ያስጨነቀችውን የጭራቋን የስፊንክስን እንቆቅልሽ የፈታ ሰው እኮ ነው! ጭንቅላቱ አልጎደለም። የጎደለው አንድ መረጃ ነው። ያደገው ሌላ ከተማ፣ ቆሮንቶስ ነው፤ ያሳደጉትን ሰዎች ወላጆቼ ናቸው ብሎ ያምናል። አንድ ቀን ግብዣ ላይ አንድ ሰካራም የአባትህ ልጅ አይደለህም ይለዋል። ነገሩ ስለከነከነው ደልፊ ድረስ ሄዶ ጠየቀ። የጠየቀውን አልመለሱለትም። አባትህን ትገድላለህ፣ እናትህን ታገባለህ አሉት እንጂ። እሱም ቆሮንቶስን ላይመለስባት ሸሸ። እኛስ ብንሆን ሌላ ምን እናደርግ ነበር? በዚያው ሽሽት፣ ሦስት መንገዶች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ከላዮስ ጋር ተጋጨና ገደለው።

«ሐማርቲያ ማለት ትዕቢት ነው።»

ፈላስፋው አርስቶትል የእንዲህ ያለው ጀግና ውድቀት የሚመጣው ከክፋት ሳይሆን ከሐማርቲያ ነው ይላል። ቃሉ በጥንቱ ግሪክኛ ዒላማ ከመሳት ጋር አንድ ሥር አለው። በአዲስ ኪዳን ደግሞ ኃጢአት ለማለት ውሏል። የእኛም «ኃጢአት» እኮ «ኀጥአ» ከሚለው የግእዝ ግስ ነው፤ ግሱ «አጣ፣ ሳያገኝ ቀረ» ማለትም ነው። ኤዲፐስ ቁጡ መሆኑ አይካድም። ነቢዩ ቴሬስያስ እውነቱን ሲነግረው ሴረኛ ብሎታል። የጣለው ግን የገደለው ሰውና ያገባት ሴት እነማን እንደሆኑ አለማወቁ ነው።

«የዕጣ ፈንታ መጫወቻ ነው።»

ግድያውና ጋብቻው ተተንብዮአል፣ እሺ። የራሱን ማንነት እስከ መጨረሻው እንዲቆፍር ያስገደደው ግን የለም። እንዲያውም የሚያውቁት ሁሉ ሊያስቆሙት ሞክረዋል። ቴሬስያስ አልናገርም ብሎ ነበር። ሚስቱ ዮካስታ ከእሱ ቀድማ ገባትና ተወው ብላ ለመነችው። እንቢ አለ። ሕፃን ሳለ ከሞት ያተረፈውን እረኛ አስጠራ። ሽማግሌው ጭንቅ ውስጥ ገብቶ፣ አሁን አስፈሪውን ነገር ልናገር ነው አለ። ኤዲፐስም መለሰ፦ እኔም ልሰማው ነው፤ ግን መስማት አለብኝ።