የእሳት አደጋ መከላከል ምህንድስና ትምህርት በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ

በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የኮሌጅ ፓርክ ግቢ የሚገኘው የእሳት አደጋ መከላከል ምህንድስና ትምህርት ክፍል የተቋቋመው በ1956 ነው። በአሜሪካ ዛሬም በዚህ ሙያ የምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ በመስጠት በዕድሜ የሚስተካከለው የለም፤ ለብዙ አሥርት ዓመታትም በሀገሪቱ ሙሉ የምህንድስና ዕውቅና ያለው ብቸኛው የመጀመሪያ ዲግሪ መርሐ ግብር ሆኖ ቆይቷል። ግቢው ከዋሽንግተን ዲሲ ሰሜን ምሥራቅ፣ ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩባት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። ስለ ሙያውም ሆነ ስለ ትምህርት ቤቱ በአማርኛ የተጻፈ ነገር እምብዛም ስለማይገኝ ይህ ዳሰሳ ተዘጋጅቷል። ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የእሳት አደጋ መከላከል መሐንዲስ ቱቦ ይዞ እሳት ከሚያጠፋው ባለሙያ ጋር ዓላማው አንድ ቢሆንም ሥራው የተለየ ነው። መሐንዲሱ በዋናነት የሚሠራው እሳቱ ከመነሣቱ በፊት ነው፤ አንድ ሕንፃ በወረቀት ላይ እያለ ጭሱ በየት በኩል እንደሚሄድ፣ የብረት ምሰሶው በስንት ደቂቃ እንደሚዳከም፣ ስፕሪንክለሩ በምን ያህል ሙቀት ውኃ መርጨት እንደሚጀምርና በውስጡ ያሉት ሰዎች በሰላም ለመውጣት ምን ያህል ጊዜ እንደሚያስፈልጋቸው ያሰላል። ስለዚህ ትምህርቱ ከሜካኒካል፣ ከሲቪልና ከኬሚካል ምህንድስና እንዲሁም ከሰው ልጅ ባሕርይ ጥናት ተውጣጥቶ የቆመ ነው።

በዘርፉ ቀዳሚነት የሚገባው ለቺካጎ ነው። በዚያች ከተማ የነበረው አርመር የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ሠልጣኝ ተቆጣጣሪዎችን አጥብቀው በሚሹት የመድን ኩባንያዎች ድጋፍ ትምህርቱን በ1903 ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ መጨረሻ የከተማዋ የኢሮኮይ ቲያትር ተቃጥሎ ከ600 በላይ ሰዎች አለቁ። አርመር በ1940 ከሌላ ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ የኢሊኖይ የቴክኖሎጂ ተቋም ሆነ፤ ትምህርቱ ግን በ1980ዎቹ ተዘጋ። ሳይቋረጥ የመዝለቅ ክብር የሜሪላንድ ነው።

የብራያን ዘመን (ከ1956 እስከ 1993)

ዩኒቨርሲቲው ከ1930ዎቹ ጀምሮ ለሜሪላንድ እሳት አደጋ ተከላካዮች አጫጭር ሥልጠና ይሰጥ ነበርና፣ የዲግሪው ትምህርት ሲከፈት መሬቱ የለሰለሰ ነበር። የመጀመሪያው ኃላፊ ጆን ብራያን ሲሆኑ በዚያው ወንበር ላይ እስከ 1993 ድረስ 37 ዓመታት ያህል ቆይተዋል። ትምህርት ክፍሉ ዛሬም የሚታወቅበትን መልክ ያስያዙት እሳቸው ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በተለይ ከቁሳቁሱና ከመሣሪያው እኩል ሰውን የማጥናት ልማድ ከእሳቸው የወረሰው ነው።

ትምህርት ክፍሉ በተከፈተበት ዓመት ጥር 29 ቀን፣ በባልቲሞር አቅራቢያ ብሩክሊን በምትባል ሰፈር የነበረው የአረንደል ፓርክ አዳራሽ በሰው ተጨናንቆ ሳለ ተቃጥሎ 11 ሰዎች ሞቱ። ብራያን የተረፉትን ሰዎች አነጋግረው በቀጣዩ ዓመት ያወጡት ጥናት፣ በቃጠሎ ውስጥ ስላለ የሰው ባሕርይ ከተደረጉት ቀደምት ሥራዎች አንዱ ነው። ከተገኙት ነገሮች ሁሉ ትኩረት የሚስበው፣ አንድ ጊዜ በሰላም ከወጡት መካከል ጥቂት የማይባሉት የትዳር ጓደኛቸውን ወይም ዘመዳቸውን ፍለጋ ተመልሰው መግባታቸው ነው። መውጫ በርን አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ሕዝብ እንደሚያልፍበት አድርጎ መንደፍ ከእውነታው ጋር እንደማይገጥም ይህ ምስክርነት አሳየ።

ይኸው ምርምር በ1970ዎቹ በብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ ድጋፍ ሰፋ። በ335 ቃጠሎዎች ውስጥ የነበሩ 584 ሰዎች መጀመሪያ ምን እንዳደረጉ፣ ቀጥሎም ምን እንዳደረጉ ተጠየቁ። ብዙዎቹ ከሁሉ አስቀድመው ሌሎችን አስጠነቅቀዋል ወይም እሳቱ ከየት እንደመጣ ፈልገዋል፤ ወደ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት የደወሉም፣ ልብስ ለመልበስ የተነሡም ነበሩ። በወንዶችና በሴቶች መካከልም ልዩነት ታየ፤ ወንዶቹ እሳቱን ወደ መፈለግና ወደ ማጥፋት፣ ሴቶቹ ደግሞ ቤተሰብን ወደ ማውጣትና እርዳታ ወደ መጥራት አዘነበሉ። ማንቂያው ከጮኸበት እስከ ሰው እግሩን እስኪያነሣ ያለው ጊዜ በስሌት ውስጥ መግባት እንዳለበት ዛሬ የሚያከራክር አይደለም፤ ለዚህ መሠረት ከጣሉት ሥራዎች አንዱ ይህ ጥናት ነው።

በኅዳር 21 ቀን 1980 በላስ ቬጋስ የኤምጂኤም ግራንድ ሆቴል ተቃጥሎ 85 ሰዎች ሲሞቱም፣ ከእንግዶቹ በጽሑፍ የተሰበሰበውን መልስ የተነተኑት ብራያን ናቸው። ጭስ ኮሪደሩን ሲዘጋባቸው የማይተዋወቁ እንግዶች በአንዳንድ ክፍሎች ተሰባስበው፣ የበሩን ሥር በእርጥብ ፎጣ ደፍነው፣ እርስ በርስ እየተረዳዱ እርዳታ መጠበቃቸው የታወቀው ከዚህ ትንተና ነው። በአደጋ ጊዜ ሰው አእምሮውን ስቶ ይራኮታል የሚለው የቆየ እምነት በዚህና በመሰል ጥናቶች እጅግ ተዳክሟል። ነገሩ ሙሉ በሙሉ ተፈትቷል ማለት ግን አይቻልም፤ መውጫ በጠበበባቸው አዳራሾች የደረሰውን መተፋፈን እንዴት መጥራት እንደሚገባ ተመራማሪዎች አሁንም ይለያያሉ።

በዚሁ ዘመን የተጀመረና ዛሬም የሚያኮራ ሌላ ልማድ አለ። የተወሰኑ ተማሪዎች በኮሌጅ ፓርክና በአካባቢው ባሉ የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ጣቢያዎች እያደሩ፣ በቀን ክፍል ገብተው እየተማሩ፣ ጥሪ ሲመጣ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይወጣሉ። የጭስ ንብርብርን ቀመር በሰሌዳ ላይ ያየ ተማሪ በዚያው ሳምንት ራሱን ጭሱን ሊያየው ይችላል፤ ይህን የመሰለ ዕድል የሚሰጡ የምህንድስና ትምህርት ክፍሎች ጥቂት ናቸው።

ከብራያን በኋላ

በ1968 የወጣው የእሳት ምርምርና ደኅንነት ሕግ የፌዴራል መንግሥቱን ምርምር ካጠናከረ በኋላ፣ በዚያው በሜሪላንድ ጌይተርስበርግ የሚገኘው የደረጃዎች ቢሮ (የዛሬው ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም) ጠንካራ የእሳት ሳይንስ ማዕከል ሆነ። ለትምህርት ክፍሉ ይህ ጉርብትና ትልቅ ጸጋ ነበር። ከዚያ መሥሪያ ቤት የመጡት ጄምስ ኩዊንቲየር በብራያን ስም የተሰየመውን የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ይዘው የእሳትን ፊዚክስ በትምህርቱ ማእከል አስቀመጡት።

ተማሪው ዛሬ ከቴርሞዳይናሚክስ፣ ከፈሳሾች ሜካኒክስና ከሙቀት ሽግግር ተነሥቶ ወደ ቃጠሎ ሳይንስ ይገባል። አንድ ኪሎግራም ኦክስጅን በቃጠሎ ሲያልቅ፣ የሚቃጠለው ነገር እንጨትም ሆነ ፕላስቲክ፣ የሚወጣው ሙቀት ወደ 13.1 ሜጋጁል እንደሚጠጋ ይማራል፤ ስለሆነም በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን በመለካት ብቻ የእሳቱን ጉልበት ማወቅ ይቻላል። ንድፍ ሲሠራ እሳት በጊዜ ካሬ፣ ማለትም ጊዜው እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ እየሆነ፣ እያደገ እንደሚሄድ ይታሰባል፤ 1,055 ኪሎዋት ለመድረስ ዝግተኛው 600፣ መካከለኛው 300፣ ፈጣኑ 150፣ እጅግ ፈጣኑ 75 ሰከንድ ይወስድበታል። በጣሪያ ሥር የተከማቸው ጭስ ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋና ወለሉ ላይ የሚያርፈው ጨረር በካሬ ሜትር 20 ኪሎዋት ገደማ ሲደርስ፣ በክፍሉ ያለው ተቀጣጣይ ነገር ሁሉ በአንድነት ይነድዳል። ባለሙያዎቹ ፍላሽኦቨር ይሉታል፤ ከዚያ በኋላ በክፍሉ ውስጥ በሕይወት የመቆየት ተስፋ የለም። እነዚህን ስሌቶች በኮምፒውተር ለማስኬድ ጎረቤቱ የምርምር ተቋም በ2000 ያወጣው የእሳት ሥርጭት ማስመሰያ ፕሮግራም የየዕለቱ መሣሪያ ነው፤ ከዚህ ጎን የስፕሪንክለር፣ የጭስ መቆጣጠሪያ፣ የማንቂያና የሕንፃ መዋቅር ኮርሶች ይሰጣሉ።

የዓለም ንግድ ማዕከል ሕንፃዎች በ2001 ሲፈርሱ የትምህርት ክፍሉ መምህራን ከምርመራው አልራቁም። ጄምስ ሚልኪ በ2002 የወጣውን የፌዴራል የአደጋ ጊዜ ኤጀንሲ ዘገባ ካዘጋጁት አንዱ ነበሩ። ኩዊንቲየርና ባልደረቦቻቸው ደግሞ በዚያው ዓመት ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የወለሎቹን ቀጫጭን የብረት ተሸካሚዎች የሸፈነው እሳት መከላከያ ሽፋን መሳሳቱ ብቻውን ለመፍረሱ ሊበቃ እንደሚችል አመለከቱ። በኋላ የወጣው ይፋዊ ምርመራ ክብደቱን የሰጠው አውሮፕላኖቹ ሽፋኑን ማራገፋቸው ላይ ነው። በሙያው ዘንድ ተቀባይነት ያገኘው ይፋዊው ድምዳሜ ቢሆንም፣ የኩዊንቲየር ጥያቄ በቁጥር የተደገፈ ስለነበረ በክብር ሊታይ ይገባዋል።

በ2016 ደግሞ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ከውኃ በላይ በተንሳፈፈ ነዳጅ ላይ የሚሽከረከር እሳት ሲያጠኑ የነበሩ ተመራማሪዎች፣ ከዚህ በፊት ያልተገለጸ፣ ጥላሸት የማይታይበት ሰማያዊ ሽክርክሪት ነበልባል አገኙ። በባሕር ላይ የፈሰሰ ነዳጅን በንጽሕና ለማቃጠል ይረዳ ይሆናል ተብሎ ተስፋ ተጥሎበታል።

ሌሎች ትምህርት ቤቶች

በማሳቹሴትስ የሚገኘው የዎስተር ፖሊቴክኒክ ከ1979 ጀምሮ በሁለተኛ ዲግሪ ያስተምራል። በአውሮፓ የኤዲንብራና የሉንድ ዩኒቨርሲቲዎች ስመ ጥር ሲሆኑ፣ ከቤልጂየሙ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው ለዓለም አቀፍ ተማሪዎች የጋራ የማስተርስ መርሐ ግብር ያካሂዳሉ። በ1950 የተመሠረተው የእሳት አደጋ መከላከል መሐንዲሶች ማኅበር የሙያው የጋራ ቤት ነው።

ከሜሪላንድ የሚመረቁት በአማካሪ ድርጅቶች፣ በመድን ኩባንያዎች፣ በመንግሥት ሕንፃ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች፣ በኒውክሌር ጣቢያዎችና በምርምር ተቋማት ይሠራሉ። አሜሪካ ውስጥ በሙያው ራሱን የቻለ የመሐንዲስነት ፈቃድ ፈተና ስላለ፣ ተመራቂው የተጠየቀውን የሥራ ልምድ ካሟላ በኋላ ፈተናውን አልፎ በንድፎች ላይ በስሙ መፈረም ይችላል። ትምህርት ክፍሉ የማስተርስ ትምህርትን በኢንተርኔትም ስለሚሰጥ በሥራ ላይ ያሉ መሐንዲሶች ከያሉበት ሆነው ይማራሉ፤ የሲቪል፣ የሜካኒካል ወይም የኬሚካል ምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸው አመልካቾችም ወደ ድኅረ ምረቃው መግባት ይችላሉ።